ከፊልተር ወደ ካፕሱል፦ ሐዋሳ ላይ ለምትሞክሩት

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ስመጣ ምን ላምጣልሽ?» ሲል ድሮ መልሱ ሽቶ ወይም ስልክ ነበር፤ አሁን አሁን የካፕሱል ቡና ማሽን (ካፕሱል በምትባል ትንሽ ዕቃ በታሸገ የተፈጨ ቡና ውስጥ ሙቅ ውሃ በግፊት አሳልፎ አንድ ስኒ የሚያወጣ) የሚል ሰው በዝቷል። እኔም በዚሁ መንገድ አንድ ደርሶኝ፣ ለዓመታት የለመድኩትን የፊልተር ቡና ትቼ በካፕሱል መጠጣት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ቤቴ የመጣ ሁሉ «እንዴት ነው? ያዋጣል? ልግዛ?» ስለሚለኝ ያየሁትን እጽፋለሁ። ፍሬ ነገሩን ላስቀድም፦ ማሽኑ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ፈተናው ካፕሱሉ ነው። የሲዳማ ቡና ደጃችን ላይ እየተለቀመ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ አምስት ግራም ቡና መጠበቅ ኪስም አይችለው፣ ደስም አይል። በራሳችሁ ቡና የሚሞላ ካፕሱል የማይቀበል ማሽን ከሆነ፣ በነጻ ቢሰጣችሁም ሁለቴ አስቡበት።

እኔ ፊልተር የምለው የኤሌክትሪኩን ማሽን አይደለም። ሾጣጣ ማጥለያ፣ ወረቀት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ትንሽ ሚዛን፤ አለቀ። ለ250 ሚሊ ሊትር ውሃ 15 ግራም ቡና። ብዙዎቹ የውጭ መመሪያዎች «ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት አቆዩት፣ ይብረድ» ይላሉ። ያ ምክር ለቆላው፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ፊልተር የሚወደው ደግሞ ከ90 እስከ 96 ያለውን ነው። ስለዚህ እዚህ ማብረድ የሚባል ነገር የለም፤ እንደተንተከተከ ማፍሰስ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ቡናዬ በጣም ተሻሻለ፤ በተለይ የታጠበ (ከመድረቁ በፊት ልጡ ተፈልፍሎ በውሃ የጸዳ) የሲዳማውን የበንሳ ቡና ሳገኝ። ሽታው አበባ አበባ ይላል፣ ምላስ ላይ እንደ ሎሚ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ሲበርድም አይመርም። ያንን ጠረን እንደ ፊልተር አጥርቶ የሚያወጣ ነገር እስካሁን አላገኘሁም፤ ካፕሱሉም አያወጣውም። ይህ መጀመሪያ ይታወቅልኝ።

ታዲያ ለምን ተውሽው? በሁለት ምክንያት። ወረቀቱን እዚህ እንደ ልብ አላገኘሁትም፤ በሰው በሰው ነበር የሚመጣልኝ፣ ሲያልቅ በጨርቅ እያጠለልኩ ነው የምሰነብተው፣ ጨርቁ ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ የከረመ የቡና ሽታ ይይዛል። ሁለተኛው ጠዋት ነው። ልጅ ለትምህርት ቤት እያለባበሱ፣ የምሳ ዕቃ እየቋጠሩ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ በቀስታ እያዞሩ ውሃ ማፍሰስ ለእኔ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ግማሹን አፍስሼ ልጄ ትጠራኛለች፣ ስመለስ ቡናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አሁን ወደ ማሽኑ። «አምጣልኝ» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ ቮልቱንና የካፕሱሉን ዓይነት።

የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን 120 ቮልት ላይ የተሠራ ነው፤ ሶኬት ቀያሪ ብቻ ሰክቶ ማብራት ማሽኑን ማቃጠል ነው። «ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ» የሚሉ አሉ፤ ግን የዚህ ዓይነት ማሽን ውሃ ሲያሞቅ ከ1,200 እስከ 1,500 ዋት ስለሚስብ፣ ሳይጨናነቅ የሚሸከመው ትራንስፎርመር ባለ 2,000 ዋት ገደማ ነው። ከማሽኑ የሚከብድ ዕቃ ኩሽና ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ነው። ከአውሮፓ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፤ የእንግሊዝና የዱባዩ ሦስት ጥርስ ያለው ሶኬት ስለሆነ ለእሱ ጥሩ መቀየሪያ በቂ ነው። ርካሹና ልል የሆነው መቀየሪያ ግን በዚህ ሁሉ ዋት ይግላል፤ እየነካችሁ እዩት። ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር አብራችሁ አትሰኩት።

የካፕሱሉ ዓይነት ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ሐሳቡ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ የኤሪክ ፋቭር ነው፤ ይሠራበት የነበረው የምግብ ኩባንያ ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፣ በ1986 ደግሞ ኔስፕሬሶ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ2012 አካባቢ ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ መብቶች ጊዜያቸው እያለፈ ስለሄደ ለዚያ ለመጀመሪያው ዓይነት፣ ኦሪጅናል ለሚሉት፣ ማንም ካፕሱል ይሠራለታል። ሱፐርማርኬት የሚሸጡት የተለያየ ስም ያላቸው ካፕሱሎችም፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩት የሚሞሉትም የሚበዙት ለእሱ ነው። በኋላ ኔስፕሬሶ ያመጣው ቨርቱኦ ግን ሌላ ነው፤ ካፕሱሉን እያሽከረከረ ነው ቡናውን የሚያወጣው፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ባርኮድ ካላነበበም አይነሳም። እሱን መሙላት የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ያገለገለውን የራሱን ካፕሱል ቆጥቦ፣ አጥቦ፣ ክዳን እየለጠፈ ነው። ስኒው ትልቅ ነው፣ አረፋው ብዙ ነው፣ ያምራል፤ ለእኛ አገር ግን ኦሪጅናሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ዶልቼ ጉስቶ የሚባለው ሌላ የካፕሱል ዓይነት ወተት ለሚወድ ቤት ይሆናል። የአሜሪካው ኪዩሪግ ጣዕሙ ለፊልተር ይቀርባል፣ የሚሞላ ማጥለያም አለው፤ የሚጥለው ቮልቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ራስ ምታት ነበር። ቡና እየጠጣሁ የቡና ሱሴ አልበርድ አለ። በኋላ ሒሳቡን ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ኦሪጅናሉ ካፕሱል ውስጥ ያለው ቡና ከ5 እስከ 6 ግራም ነው፤ እኔ በፊልተር አንድ ኩባያ ስጠጣ የምጠቀመው 15 ግራም። አንድ ካፕሱል ማለት የለመድኩት ሲሶው መሆኑ ነው። ከፊልተር የምትሸጋገሩ ከሆነ ጠዋት ላይ ሁለት ካፕሱል እያወጣችሁ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል።

ስለ ረጅሙ ቁልፍም ልንገራችሁ። ማሽኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አጭሩ 40 ሚሊ ሊትር፣ ረጅሙ 110 ሚሊ ሊትር ያወጣል። የፊልተር ሰው እጁ ወደ ረጅሙ ነው የሚሄደው። ግን በዚያች አምስት ግራም ውስጥ 110 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲያልፍ መጨረሻ ላይ የሚወጣው የቡናው ምሬት ነው፤ ለረጅሙ ተብሎ የተዘጋጀ ካፕሱል ካልሆነ በቀር። በአጭሩ አውጡና የፈላ ውሃ ጨምሩበት። ካፌ ውስጥ አሜሪካኖ ብለን የምናዝዘው ያው ነው፤ ፊልተር ለለመደ አፍም የሚቀርበው እሱ ነው።

የተገዛው ካፕሱል ጣዕም መጥፎ አይደለም። ከየአገሩ ቡና ለብቻ እየለዩ ከሚሸጡት መካከል «ኢትዮጵያ» የሚል አለ፤ በእሸቱ በፀሐይ የደረቀ፣ እኛ ጀንፈል የምንለው ዓይነት። የፍራፍሬ ጠረን አለው፣ ጥሩ ነው። ዘመዴ ካመጣችልኝ ሁሉ መጀመሪያ ያለቀውም እሱ ነበር። ግን ዋጋውን እዩ። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ካፕሱል 80 ሳንቲም ገደማ ነው ብንል፣ ከአንድ ኪሎ ቡና 180 ያህል ካፕሱል ስለሚወጣ ኪሎው ከ140 ዶላር በላይ ደረሰ ማለት ነው። አለታ ወንዶ ላይ እሸት ለቅሞ የሚያስረክብ ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እኔማ ከዚያ በኋላ የተገዛ ካፕሱል ስከፍት እጄ ያዝ ያዝ ይለኛል።

ስለዚህ የሚሞላው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ከላይ ክዳን፣ ዳሩ ላይ ቀጭን የሲሊኮን ጎማ ያለው ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ማሽኑን ቁምሳጥን ላይ የሚሰቅለው፤ ስለዚህ በደንብ ላስረዳ።

ሁሉ ነገር አፈጫጩ ላይ ነው። ሠፈራችን ያለው ቡና ፈጪ «ለጀበና ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ አዎ ካላችሁት እንደ ዱቄት ያልመዋል። ያ ዱቄት የሚሞላው ካፕሱል ውስጥ ሲገባ ውሃው አያልፍበትም፤ ፓምፑ ያቃስታል፣ ቡናው ጠብ ጠብ ይላል፣ የወጣው ጥቁርና መራራ ነው፣ ውሃው በጎን አምልጦ የጠብታ መቀበያውን ይሞላዋል። ለፊልተር የምፈጨውን ሻካራውን ሳደርግ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ዥው ብሎ ይወርዳል፤ ቀለሙ የሻይ፣ ጣዕሙ የምንም። የሚያስፈልገው በሁለቱ መካከል፣ ወደ ጀበናው የሚያደላ ነው። በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት አይልም፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል። የራሳችሁ መፍጫ ብትኖር ነው የሚመከረው፤ ምላጭ ያላት ትንሿ የኤሌክትሪክ መፍጫ እኩል ስለማትፈጭ፣ በእጅ የምትዞር ባለ ጥርስ ትሻላለች። መፈተኛው ሰዓት ነው፦ 40 ሚሊ ሊትሩ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ከሞላ አገኛችሁት። ፈጥኖ ከወረደ አልሙት፣ ካቃሰተ አሻክሩት።

አሞላሉ ደግሞ እንዲህ ነው። እስከ አፉ ድረስ አይሞላም፤ ከዳሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር፣ ውሃ ሲነካው ቡናው ያብጣልና። በጣት ጫን ማድረግ ይበቃል፣ እንደ ማኪያቶ ማሽን በኃይል አይጠቀጠቅም። ከዚያ ዳሩን በጣት ዙሪያውን ጥረጉት፤ ጎማው ሥር አንዲት ፍሬ ብናኝ ከቀረች ግፊቱ በዚያች ያመልጣል። መጀመሪያ የገዛሁት የሚሞላ ካፕሱል ጥራቱ የወረደ ስለነበር ቶሎ ጎማው ላላ፣ አንድ ጊዜም ውስጥ ተጣብቆ በማንኪያ እጀታ ነው ያወጣሁት። በኋላ ወፍራም ጠርዝ ያለውን ሳስመጣ ያ ሁሉ ቀረ። ትርፍ ጎማ አብሮት ካልመጣ አትግዙ።

ቡናውን በተቆላበት ቀን አትጠቀሙበት። ለጀበና ትኩሱ ነው ደስ የሚለው፤ ካፕሱል ውስጥ ግን ገና ጋዙን ያልለቀቀ ቡና አረፋ ብቻ ይሆናል። ሦስት አራት ቀን ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ይቆይ። አቆላሉ መካከለኛ ይሁን፤ ለጀበና እንደምናጠቁረው ዘይት እስኪያወጣ ከሄደ ማጥለያውን ይደፍነዋል፣ ሽታውም ይቀራል። እኔ ከለመድኳት ነጋዴ የምገዛው ጥሬውን ነው፤ የታጠበውንና ጀንፈሉን ለየብቻ ታስቀምጥልኛለች። ለካፕሱል ጀንፈሉ ይሻላል። በ40 ሚሊ ሊትር ተጨምቆ ሲወጣ የታጠበው ኮምጣጣነቱ ይበረታል፣ ጀንፈሉ ግን ጣፈጥ ብሎ ወፈር ይላል። የታጠበው ለፊልተር ይቅር።

መሙላትና ማጠብ ጊዜ አይወስድም ወይ? ይወስዳል። የካፕሱል ጥቅሙ ፍጥነቱ ነበር፣ መሙላቱ ከዚያ ይቀንሳል። እኔ ማታ ዕቃ ሳጥብ አብሬ አራት እሞላና በጣሳ ዘግቼ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። የተፈጨ ቡና ሲያድር ትንሽ ይደክማል፤ ለአንድ ሌሊት ግን አፌ አልለየውም።

ውሃው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት እንደሆነ ጥርሳችን ምስክር ነው፣ ማፍላትም አይቀንሰውም። ከቡና ጋር የሚያገናኘው ግን ሌላው ነገር ነው፦ ይኸው ውሃ ባይካርቦኔትም ይበዛበታል፣ ባይካርቦኔት ደግሞ የቡናውን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል። አንድ ዓይነት ቡና በቧንቧ ውሃና ዘመድ ቤት ባለው ጉድጓድ ውሃ ሞክሬ፣ በጉድጓዱ የወጣው እንደ ካርቶን ለዛ የሌለው ነበር። ጥሩ ቡና ገዝታችሁ ጣዕም ካጣችሁበት ቡናውን ከመራገማችሁ በፊት በታሸገ ውሃ አንዴ ሞክሩት። የማሽኑን ታንክ ውሃ በየቀኑ ቀይሩ፤ የከረመ ውሃ ላይ አዲስ አትደርቡ።

ድስትና ማንቆርቆሪያ ላይ የምናየው ነጭ ቅርፊት ማሽኑ ውስጥም አለ፣ አይታይም እንጂ። ቡናው እንደ ወትሮው ካልጋለ፣ አወራረዱ ከቀዘቀዘ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ያኔ ማጽዳት ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ፈሳሽ ካላገኛችሁ ሲትሪክ አሲድ ዱቄት ቀጥኖ በውሃ ተበጥብጦ ይሠራል፤ ከዚያ ሁለት ታንክ ንጹሕ ውሃ ማሳለፍ ነው። ሎሚ ጨምቃችሁ አትጨምሩ፤ ጭማቂው ውስጥ ያለው ቃጫ ቀጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። ኮምጣጤንም አምራቾች አይመክሩም፣ ጎማውን ይጎዳል።

መብራት እንደሚያስፈራው አይቆጥርም። 1,260 ዋት ቢልም የሚሠራው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሃምሳ ስኒ ቢወጣበት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚሆነው። ችግሩ የመብራቱ መሄድና መምጣት ነው። ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስ በኃይል የሚመጣውን እሱ አይችለውም። ስታቢላይዘር ካላችሁ ይሻላል፣ ግን የፍሪጁ ትንሿ አትበቃውም። ጨለማ በሆነ ቀን ያቺ ሾጣጣ ማጥለያ ከጋዝ ምድጃ ጋር አለችልኝ፤ ለዚህ ነው ያልጣልኳት።

እንግዳ ሲመጣ ማሽኑ አያዋጣም። አንድ ስኒ አውጥቶ፣ ካፕሱሉን ጥሎ፣ ሌላ ከትቶ፣ እንደገና... አምስተኛው ሰው ጋ ሲደረስ የመጀመሪያው ስኒውን መልሷል። እማዬ እሑድ መጥታ ያወጣሁላትን ቀምሳ «አንቺ፣ ይቺ እኮ ጉሮሮ ማርጠቢያ ናት፤ ቶናዋስ? በረካውስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የካፕሱል ቡና ሁለተኛ የለውም። አንዴ ካለፈበት አተላ ነው። ጣዕሙን ግን አላጣጣለችውም፣ «መልካም ነው፣ ለብቻሽ ለቸኮልሽ ቀን» ብላ ጀበናውን አስጣደችኝ። እሷ ስትመጣ ማሽኑን ጨርቅ አለብሰዋለሁ።

ስለ ቆሻሻው። የአሉሚኒየሙን ካፕሱል መልሰው የሚሰበስቡ አገሮች አሉ፤ እዚህ የሚቀበለኝ አላገኘሁም። እሱን ቀድዶ አተላውን ለአበባ አፈር፣ ቆርቆሮውን ለ«ቆራሌው» መስጠት ይቻላል፣ ግን ጥቂት ስለሆነ እየሰበሰባችሁ ካላቆያችሁ ደንታም አይሰጠው። በሚሞላው ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ያገለገሉ ካፕሱሎች የሚወድቁበትን ሣጥን ግን በየቀኑ ድፉት፤ በሐዋሳ ሙቀት ሁለት ቀን ካደረ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሽታው ወደሚቀጥለው ስኒ ይመጣል።

ዘመዳችሁ ሻንጣ እያዘጋጀ ከሆነ እንግዲህ እንዲህ በሉት፦ ኦሪጅናል ዓይነት፣ 220 ቮልት፣ ወተት ማሞቂያ የሌለው ትንሹ። ከካፕሱል ይልቅ የሚሞሉ ሁለት ሦስት ብረቶች ከነትርፍ ጎማቸው፣ በእጅ የምትዞር መፍጫ፣ ሲትሪክ አሲድ። ኪሎ ከተረፈው ብቻ የካፕሱል ካርቶን ይጨምር፤ እሱም ቡናው እስኪለመድና የራሳችሁ አፈጫጭ እስኪገኝ ለማነጻጸሪያ ይሆናል። ቡና ግን አያምጣ።